የሰሙን ስታን ማን ገደለው? ቀልድና ፍንጭ በአንድ የ«ግራቪቲ ፎልስ» ክፍል

እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2012 ዲዝኒ ቻናል ላይ አንድ የካርቱን ክፍል ታየ። ርዝመቱ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ አንገት ይቆረጣል፣ ፖሊስ ይጠራል፣ ንጹሕ ሰው ይጠረጠራል፣ ቀብር ይደረጋል፣ ገዳዩም ይገኛል። የተሠራው ለልጆች ነው። ልጆቹም አይረበሹም፤ እየሳቁ ነው የሚጨርሱት።

ክፍሉ «ሄድሀንተርስ» ይባላል። «ግራቪቲ ፎልስ» የተባለው ተከታታይ ሦስተኛ ክፍል ነው። እዚህ ላይ ታሪኩን እስከ ገዳዩ ማንነት ድረስ ስለምዘረዝረው ያላየ ሰው ቀድሞ ቢያየው ይሻላል።

ይህን ክፍል የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። በብዙ አስቂኝ የምርመራ ታሪኮች ውስጥ ቀልዱ ለብቻው ነው፣ ምርመራውም ለብቻው። ትንሽ ይመረመራል፣ ከዚያ ቆም ተብሎ ይሳቃል፣ ከዚያ እንደገና ይመረመራል። እዚህ ግን የሳቅንበት ነገር ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። ቀልዱም ባለቤት አለው። ከአንዱ ገጸ ባሕርይ አፍ አውጥታችሁ ለሌላው ብትሰጡት አይሠራም። ለካርቱንም ሆነ ለሬዲዮ ድራማ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ ለመጥራት እቸገራለሁ።

ስለ ተከታታዩ ትንሽ ልበል። የፈጠረው አሌክስ ሂርሽ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አድጎ እዚያው ካልአርትስ በተባለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የአኒሜሽን ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ነው። አሪኤል የምትባል መንትያ እህት አለችው። ልጆች ሳሉ የትምህርት ቤት እረፍታቸውን ጫካ ውስጥ በሚገኘው የአያታቸው እህት ቤት ያሳልፉ ነበር። ዲፐርና ሜብል ከዚያ ትዝታ የተወለዱ ናቸው። የ12 ዓመት መንትዮች ናቸው፤ ለእረፍት ኦሪገን ግዛት ወዳለች ግራቪቲ ፎልስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይላካሉ። የሚቀበላቸው የአያታቸው ወንድም ስታን ነው። ስታን ቤቱን የውሸት ተአምራት መታያ አድርጎ ከቱሪስት ገንዘብ የሚለቅም ሰው ነው። ስሙ የሂርሽ የራሱ አያት ስም ነው፤ ድምፁንም የሰጠው ሂርሽ ራሱ ነው። ዲፐርን ጄሰን ሪተር፣ ሜብልን ክሪስተን ሻል ይናገሩላቸዋል።

ጸሐፊዎቹ የገጠማቸው ችግር ቀላል አልነበረም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ተመልካቹ ከተማዋን ገና አያውቃትም። ዲፐርን ከሜብል የሚለየው ምን እንደሆነም ገና እየገባው ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ሙሉ የ«ማን ገደለው» ታሪክ ሊጫን ነው። የዚህ ዓይነት ታሪክ ሟች ይፈልጋል፣ ተጠርጣሪዎች ይፈልጋል፣ የተሳሳተ መንገድ ይፈልጋል፣ ተመልካቹን የማያታልል መፍትሔ ይፈልጋል። የልጆች ጣቢያ ላይ ደግሞ ሬሳ ማሳየት አይታሰብም።

ይህን ሁሉ የፈታው ሟቹን የመረጡበት መንገድ ነው። የሚገደለው የሰም ሐውልት ነው።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። የቤቱ የጥገና ሠራተኛ ሱውስ ከግድግዳ ወረቀት ጀርባ የተደበቀ በር ያገኛል። ውስጡ ስታን ድሮ ዘግቶ የረሳው የሰም ሐውልቶች ክፍል ነው። ሼክስፒር አለ፣ ጄንጊስ ካን አለ፣ ሸርሎክ ሆልምስ አለ፣ የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ አድራጊው ላሪ ኪንግ አለ፣ ራፐሩ ኩሊዮ አለ። (የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለራሳቸው ሐውልት ራሳቸው ድምፅ ሰጥተዋል።) ሜብል አዲስ ሐውልት ልትቀርጽ ትነሳና ስታንን ትቀርጻለች። ስታን በሐውልቱ ፍቅር ይወድቃል። ማታ ለደቂቃ ሽንት ቤት ሄዶ ሲመለስ የሰሙ ስታን አንገቱ ተቆርጦ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሦስቱን ሰዎች ድንጋጤ እንይ። ስታን ወዳጁ እንደሞተበት ሰው ነው የሚሆነው። ሜብል የምትጮኸው የእጅ ሥራዬ ተዋረደ ብላ ነው። ዲፐር ደግሞ ጉዳይ አገኘ። አንድ ወለል ላይ አንድ ነገር ወድቋል፤ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር ያዩበታል። ገጸ ባሕርይ ማለት ለእኔ ይህ ነው። ስለ ማንነታቸው ማንም አላብራራልንም፤ በደነገጡበት ነገር ግን ሦስቱንም ለየናቸው።

አሁን ወደ ቀልዶቹ ልግባ፤ ዋናው ነገር እነሱ ጋ ነው ያለው።

የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ መንትዮቹ ቴሌቪዥን እያዩ ነው። ፕሮግራሙ ስለ ዳክዬ መርማሪ ነው። ዳክዬው «ኳክ» ይላል፣ የሰው ልጆች በጥበቡ ይደነቃሉ። ሜብልም ታደንቀዋለች። ዲፐር ግን ቅናት ቢጤ ይይዘዋል። ወደ መሬት ስለቀረበ እኮ ነው ፍንጭ የሚቀለው ይላል። እኔም ማስተዋል እችላለሁ፣ ትንፋሽሽን ብቻ አሽትቼ የበላሽውን እነግርሻለሁ ይላታል። ያሸታል። ከዚያ ፊቱ ይለወጣል፦ «አንድ ሙሉ የጥርስ ሳሙና?!» ሜብል አንገቷን ደፋ አድርጋ በጣም ያብረቀርቅ እንደነበር ትናገራለች።

ይህች ቀልድ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አትሞላም። ግን ስንት ነገር እንደሠራች እዩ። ዲፐር በእርግጥ የማየት ችሎታ አለው፤ ትክክል ገምቷል። እውቅና ይፈልጋል፤ ከዳክዬ ጋር እንኳ ይፎካከራል። ሜብል ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየች ራሷን መግታት አትችልም። ጸሐፊዎቹ ይህን የመጨረሻውን ለኋላ አስቀመጡት።

ሜብል የስታንን ሐውልት ስትጨርስ የሆነ ነገር ጎድሎታል ትላለች። የሚጎድለው ብልጭልጭ ነው። ሱውስም በደስታ ይስማማል፤ ብልጭልጩ በሐውልቱ ላይ ይደፋል። ይህ ከጥርስ ሳሙናው ጋር አንድ ዓይነት ሳቅ ነው፤ ሜብል ሜብል ሆነች እንላለን፣ እናልፋለን። ቀብሩ ላይ ግን ስታን ለሰሙ ስታን የስንብት ንግግር ያደርጋል። ሰው የራሱን የሰም ምስል መውደዱ ስህተት ነው የሚሉ አሉ ይላል። ሱውስ ተሳስተዋል ብሎ ይጮኻል። ስታን ሟቹ በሰም ገነት ሆኖ ኪስ ሲያወልቅ እንዲኖር ይመኝለታል። ከዚያ ድምፁ ይሰበራል። ዓይኔ ውስጥ ብልጭልጭ ገባ ብሎ እየሮጠ ይወጣል።

ስታን ማልቀሱን የማያምን ሰው ነው። ምክንያት መፈለግ ነበረበት። «አቧራ ገባብኝ» ብሎ ቢወጣ ቀልዱ የማንም ይሆን ነበር፤ ሺህ ጊዜ የሰማነው ነው። ብልጭልጩ ግን የሜብል ነው፤ ስታን ዓይን ውስጥ የገባው የልጅቷ ፍቅር ነው ማለት ይቻላል። ከጥርስ ሳሙና ተነስቶ እንባ ላይ የደረሰ አንድ ክር ነው። ይህን ሳስተውል ከልቤ ነው ያደነቅኩት።

ሁለተኛው ክር ደግሞ ከዚህም የበለጠ ረቂቅ ነው። ስታን የሰሙን ክፍል ሲያስጎበኝ አንዱ ሐውልት የለም። አብርሃም ሊንከን ቀልጦ ወለሉ ላይ ፈስሷል። መጋረጃውን ማን ከፍቶ ተወው ብሎ ስታን ይቆጣና ወደ ሌላ ሐውልት ዞሮ ያፈጣል፤ ጥርጣሬው ጆን ዊልክስ ቡዝ ላይ ነው። ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1865 ሊንከንን የገደለው ተዋናይ ነው። አሜሪካዊ ልጅ ይህን በትምህርት ቤት ያውቀዋል፤ ይስቃል። ቀልዱ ያልቃል፣ ታሪኩ ይቀጥላል።

በዚያ ሳቅ ውስጥ ግን ጸሐፊዎቹ የክፍሉን መፍትሔ አስቀምጠውታል። የፀሐይ ብርሃን እነዚህን ሐውልቶች ያቀልጣል። አልቆ አልቆ መጨረሻ ላይ ዲፐር ገዳዩን የሚያሸንፈው በዚሁ ነው። የእኛ ሰምና ወርቅ የሚሠራውም በዚህ ዘዴ ነው፤ ጆሮ በላይኛው ትርጉም ሲጠመድ የታችኛው ሳይታይ ያልፋል። ተመልካቹ ቡዝን አይቶ ስለሳቀ መስኮቱን ረሳው። ፍንጩ በዝምታ ቢቀርብ ኖሮ ማንም ንቁ ልጅ «አሃ፣ ፀሐይ!» ብሎ ይይዘው ነበር።

ተጠርጣሪዎቹ የተገኙበት መንገድም ከቀልድ ነው። ስታን የአዲሱን ሐውልት ምርቃት ለማድመቅ ለሕዝቡ ነጻ ፒዛ እንዳለ አስነግሯል። ፒዛ የለም። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ገንዘቡን ሰብስቦ ይጠፋል፣ ከተማው ተቆጥቶ ይበተናል። አንድ የስስት ቀልድ የከተማዋን ሰው በሙሉ ተጠርጣሪ አደረገው! ተጠርጣሪ ለማስተዋወቅ ሌላ ጸሐፊ አምስት ትዕይንት ይጽፍ ነበር። እዚህ የስታን ባሕርይ ሥራውን በአንድ ጊዜ ጨረሰው።

ፖሊሶቹ ሸሪፍ ብለብስና ምክትሉ ደርላንድ ናቸው። ጉዳዩን አይመረምሩም። ፍንጭ የለም ይላሉ፤ ዲፐር ሲቃወም «የከተማ ልጅ» እያሉ ይስቁበታል። ከዚያ በሬዲዮ ጥሪ ይመጣል፤ አንድ ሰው ሙሉ ሜሎን አፉ ውስጥ ሊከት ነው። ሁለቱም ተንደርድረው ይሄዳሉ። ሞኝ ፖሊስ የቆየ ቀልድ ነው፣ እውነት ነው። ግን እነዚህ ሁለቱ ከሞኝነት ያለፈ ነገር አላቸው፤ ደስተኞች ናቸው። እርስ በርስ ይዋደዳሉ፣ ከተማቸውን ይወዳሉ፣ ሜሎኑ እንዳያመልጣቸው ይቸኩላሉ። ዲፐር ፊት ለፊታቸው ቁምነገረኛ ሆኖ ሲቆም የሚያሳዝነንም የሚያስቀንም ለዚህ ነው። ዲፐር የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ትልቅ ሰው እንደሆነ እንዲቆጠር። ያንን ሊሰጡት የሚችሉት ሰዎች ደግሞ ሜሎን ለማየት ሄደዋል።

መሃሉ ላይ ክፍሉ ትንሽ ይላላል። መንትዮቹ መጥረቢያ ያገኛሉ፤ የጣት አሻራ የለበትም። ግዙፉ እንጨት ቆራጭ ማንሊ ዳን መጥረቢያው የግራኝ እንደሆነ ይነግራቸዋል። ከተማዋን እየዞሩ ግራኞችን ይፈትሻሉ። ፈጣን ነው፣ ያስቃል፣ ግን ከፊተኛው ጋር ሲተያይ ቀልዶቹ ከማንም ሆድ የወጡ አይደሉም። ይህን ክፍል የትም ካርቱን ውስጥ ብታገኙት አይገርምም።

ፍለጋው የሚያመራው ቶቢ ወደሚባለው የአካባቢው ጋዜጠኛ ነው። ዲፐር ፖሊሶቹን ይዞ ይሄድና በሙሉ ልብ ይከሰዋል። ቶቢ ግን የደኅንነት ካሜራ ማስረጃ አለው፤ በዚያ ሌሊት ቢሮው ውስጥ ሆኖ የአንዲት የቴሌቪዥን ዘጋቢን የካርቶን ምስል ሲስም ተቀርጿል። ቪዲዮው በሁሉም ፊት ይታያል። ዲፐር ያፍራል፣ ፖሊሶቹ ይስቁበታል።

እዚህ ላይ ከጸሐፊዎቹ ጋር አልስማማም። ለታሪኩ ትዕይንቱ ያስፈልጋል፤ ጀግናው መውደቅ አለበት። ዲፐር የወደቀውም ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ምክንያቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው፤ ይህ ለመርማሪ ልጅ ከባድ ውርደት ነው፣ በደንብም ተጽፏል። ግን ሳቁ የሚወርደው ቶቢ ላይ ነው። የቶቢ ጥፋት ብቸኝነቱ ነው። ሌሎቹ ሰዎች በሚወዱት ነገር ያስቁናል፤ ቶቢ ግን በጎደለው ነገር ነው የምንስቅበት። በአንድ ክፍል ውስጥ ለሰም ሐውልት ያን ያህል ርኅራኄ ያሳዩ ጸሐፊዎች ለዚህ ሰው ጥቂት ቢቆጥቡለት ደስ ይለኝ ነበር።

መፍትሔው የሚመጣው ቀብሩ ላይ ነው። ዲፐር ተስፋ ቆርጧል። በወንጀሉ ቦታ የተገኘው የእግር ዱካ ቀዳዳ ያለበት ጫማ ነው፤ ዲፐር የሰሙ ስታን ጫማም ቀዳዳ እንዳለው ያያል። ሜብል ግድ ሳይሰጣት ታስረዳዋለች። ሁሉም የሰም ሐውልት እንዲህ ነው፣ ማቆሚያው ዘንግ የሚገባበት ነው ትለዋለች። ያን ጊዜ ይበራለታል። ጫማው ቀዳዳ ያለው፣ ጣቱ አሻራ የሌለው ማን ነው? ገዳዮቹ እዚያው ቆመዋል፤ የቀብሩ ታዳሚዎች ናቸው።

ይህን ቦታ ደጋግሜ አየዋለሁ። ዲፐር ቀዳዳውን ያየው ስለሚያስተውል ነው። ግን ትርጉሙን አያውቅም ነበር። ሜብል ታውቃለች፤ ሐውልቱን በእጇ የሠራችው እሷ ናት። ግን ማስረጃ መሆኑን አላሰበችም። ክፍሉ ገና ሲጀምር የተሰጠን ልዩነት፣ እሱ የሚያይ እሷ የምትሠራ መሆናቸው፣ ጉዳዩን የፈታው ይኸው ልዩነት ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ቢጎድሉ ገዳዩ አይገኝም። እህትና ወንድም ናቸውና ይተባበራሉ ብሎ ከማወጅ ይህ ስንት እጅ ይበልጣል!

ሐውልቶቹ ሕይወት አላቸው ብሎ መፍታት ማጭበርበር አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። በተለመደ የምርመራ ታሪክ ውስጥ ነው። ተመልካቹ የማያውቀውን ምትሐት መጨረሻ ላይ አምጥቶ መገላገል የጸሐፊ ስንፍና ነው። እዚህ ግን በመጀመሪያው ክፍል ድንክዬ የጫካ ፍጡራን ሜብልን ሊያገቧት ሲያሳድዷት አይተናል። በዚህች ከተማ ምትሐት እንዳለ ውል ገብተናል። ዲፐር ራሱ ለመርማሪነት ክብር ሲል ያንን ረስቶ ሰው ብቻ ሲጠረጥር ነበር። ስለዚህ የተሸወደው በባሕርይው ነው፤ እኛም አብረነው ተሸወድን።

የሐውልቶቹ መሪ ሸርሎክ ሆልምስ ነው። ድምፁን እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ጆን ኦሊቨር ሰጥቶታል። ምክንያታቸው ቂም ነው። ስታን ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ገዝቷቸው ለብዙ ዓመት እንጀራ በልቶባቸዋል፤ ሰው መምጣት ሲተው ዘግቶባቸው ረሳቸው። ሊገድሉ የመጡት እውነተኛውን ስታን ነበር። የሰሙን ስታን ስታን መስሏቸው ቆረጡት። የሰም ሐውልቶች በሰም ሐውልት ተሸወዱ! ሜብል ጥሩ ቀራጭ በመሆኗ የአያቷ ወንድም ተረፈ ማለት ነው፤ ክፍሉ ይህን በቃል አይናገረውም፣ ለተመልካቹ ይተወዋል።

ዲፐር የሸርሎክን ጎራዴ እየተከላከለ ወደ ጣሪያው ይስበዋል። ትንሽ ጊዜ ይገዛል፤ ፀሐይ ትወጣለች። የዓለም ታላቁ መርማሪ አጭር ሱሪ በለበሰ ልጅ ተሸነፍኩ እያለ ይቀልጣል፤ እየቀለጠም በድሮ ጨዋ እንግሊዛዊ ስድብ ይራገማል። የቀልድ አጻጻፍ ትክክለኛነት እዚህም አለ። ሞቱን የሚያስቅ የሚያደርገው መቅለጡ አይደለም። እየቀለጠ እንኳ ጨዋነቱን ሊጠብቅ መታገሉ ነው። ዲፐርም ሲጀምር የተፎካከረው ከዳክዬ ጋር ነበር፤ አሁን ሸርሎክ ሆልምስን አሸነፈ። የላሪ ኪንግ ጭንቅላት ብቻ በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ሾልኮ ያመልጣል።

ስለ ስታን አንድ ነገር ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሁለተኛው ሲዝን የስታን ምሥጢር ተገለጠ። ስታንም መንትያ ወንድም ነበረው። ከ30 ዓመት በፊት ሁለቱ ተጣልተው ሳለ ወንድሙ ወደ ሌላ ዓለም በሚወስድ መሣሪያ ተስቦ ጠፋ። ስታን የወንድሙን ስም ይዞ፣ የራሱን ሞት አስመስሎ፣ በሌሊት በምድር ቤት መሣሪያውን ሲጠግን ኖሯል። ይህን አውቆ ወደ «ሄድሀንተርስ» የሚመለስ ሰው ቀብሩን እንደ ድሮው አያየውም። ስታን መልኩን የሚመስል አንድ ሰው በቤቱ አገኘ፣ አብሮት ተቀመጠ፣ ዞር ሲል አጣው። ሰው የራሱን ምስል መውደዱ ስህተት ነው የሚሉ አሉ ያለው ንግግር መጀመሪያ ሲታይ የራስ ወዳድ ሽማግሌ ቀልድ ነው። በኋላ ሲታይ መንትያውን ያጣ ሰው ንግግር ነው። አንድም ቃል መቀየር አላስፈለገም።

ይህ የሚሆነው ቀልዱ ከስታን ሆድ ስለወጣ ነው። ለሳቅ ብቻ የተለጠፈ ንግግር ቢሆን ኖሮ ምሥጢሩ ሲገለጥ ከታሪኩ ጋር ይጋጭ ነበር፣ ወይም ይረሳ ነበር። ስለዚህ ተከታታዩን ጨርሳችሁ ከሆነ ይህን ክፍል ብቻውን መልሳችሁ ክፈቱት። የሊንከንን መስኮት፣ የጫማውን ቀዳዳና የብልጭልጩን መንገድ ተከተሉ፤ የስታንን የቀብር ንግግር ደግሞ ሱውስ ጣልቃ እስኪገባ ድረስ ፊቱን እያያችሁ ስሙት።